አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ጫጩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ልንነጋገር አስበናል። ይኸውም በብዙ አገር የሚገኙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ደሴት እየሄዱ የሚያነሡት፣ የባሕር ወፍ ጫጩት ምግብ ይዘው የሚመጡ ወላጆቹን ሲጠባበቅ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ጫጩቱ ገና ላባ አላወጣም፤ ሰውነቱ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስላሳ ነው። ከቋጥኝ ላይ ወይም ከአሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ባሕሩ ያያል። ከአንገቱ ቀና፣ ከአፉ ከፈት ብሏል። ሌላ ነገር በሥዕሉ ውስጥ የለም።

ይህን ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ አንጀቱ ይራራል። ይሁን እንጂ አይቶ ከማዘንና «እንዴት ያምራል!» ብሎ ከማለፍ የሚበልጥ ነገር በውስጡ አለ። ነቢዩ ዳዊት በመቶ ሦስተኛው መዝሙሩ ታላቁንና ሰፊውን ባሕር ካነሣ በኋላ፣ በዚያ የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ ምግቡን በየጊዜው ከፈጣሪው እጅ እንደሚጠባበቅ ይነግረናል። ስለ ቁራ ጫጩቶችም ጩኸታቸው በእግዚአብሔር ፊት እንደሚሰማ በሌላው መዝሙሩ ዘምሯል። ስለዚህ የሚጠብቅን ጫጩት ማየት ለአማኝ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እያስታወስን፣ ትምህርቱን በአራት ክፍል እንመለከታለን።

አንደኛው፣ ስለ ተመልካቹ ነው።

በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር የተወለዱ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ወፎችን በዱር እንዳሉ ፎቶግራፍ በማንሣት ቀዳሚ ከሆኑት ሰዎች መካከል ይቆጠራሉ። በ1895 ስለ ወፍ ጎጆዎች ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች በሙሉ ከዱር የተነሡ ፎቶግራፎች ነበሩ። በ1896 የባሕር ወፎች በብዛት ወደሚፈለፈሉባት ወደ ሴንት ኪልዳ ደሴት ተሻግረዋል። በዚያ ዘመን ካሜራው እንደ ሣጥን ከባድ ነበር፤ ሩቁን የሚያቀርብ የዛሬው ዓይነት ሌንስም አልነበራቸውም። ስለዚህ ወደ ወፉ ሳያስደነግጡ መቅረብ ነበረባቸው። ምን አደረጉ? በ1900 የበሬ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ ሠሩ። ሰውየው ከካሜራው ጋር በበሬው ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ ወፉ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር።

ይህ ነገር የሚያስቅ ቢመስልም ቁም ነገር አለው። የሚጠብቀውን ጫጩት ፎቶግራፍ ሊያነሣ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ራሱ ጠባቂ መሆን አለበት። ራሱን ካልሰወረ አይሆንለትም። ለምን? ወላጂቱ ሰውን አይታ ከሸሸች ጫጩቱ ሳይበላ ይውላልና። በዌልስ አገር ስኮመር በምትባል ደሴት ፓፊን የሚባሉ የባሕር ወፎች ይኖራሉ። ጎጆአቸው በመሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ጫጩቱም በጨለማ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ወላጁ ብዙ ትንንሽ ዓሦችን በምንቃሩ አጋድሞ ይዞ ከባሕር ይመለሳል። ሰው በጉድጓዱ አፍ አጠገብ ቆሞ ካገኘ ግን ለመግባት ይፈራል፤ በሰማይ ላይ ይዞራል፤ በዚህ መካከል ሌሎች ወፎች ዓሣውን ሊቀሙት ያደባሉ። የደሴቲቱ ጠባቂዎችም ጎብኚው ከተመለከተለት መንገድ እንዳይወጣ የሚያዝዙት ጉድጓዶቹ እንዳይደረመሱና ወፎቹ እንዳይታወኩ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ! ሰውየው ክፉ አላሰበም። ጫጩቱን ወድዶ፣ ሊያየው ጓጉቶ ነው የመጣው። ነገር ግን የቆመው በሚመግበውና በሚመገበው መካከል ሆነ። እኛም በአገልግሎት ላይ ስንቆም ይህ ያሰጋናል። መዝሙር ስናቀርብ፣ ጽሑፍ ስናነብ፣ መድረክ ላይ ስንወጣ ሕዝቡ ወደ እኛ እንዲያይ ከፈለግን፣ የተራበችው ነፍስ ወደ መጋቢዋ እንዳትደርስ መንገድ ዘግተናል ማለት ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ሕዝቡን ወደ ክርስቶስ ካመለከተ በኋላ እሱ ከመንገዱ ዘወር ማለቱ ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ስለ መጠበቅ ነው።

ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ በስተምሥራቅ ደቡብ ጆርጂያ የምትባል በረዶ የማይለያት ደሴት አለች። በዚያም ንጉሥ ፔንግዊን የሚባሉ፣ መብረር የማይችሉ፣ ዋናን ግን አሳምረው የሚያውቁ ወፎች በብዙ ሺህ እየሆኑ ይኖራሉ። ጫጩቶቻቸው ቡናማና ጠጉራም ናቸው። ከወላጆቻቸው ጋር ከቶ ስለማይመሳሰሉ የጥንት መርከበኞች ሌላ ዓይነት ወፍ መስለዋቸው ነበር ይባላል። ክረምቱ ሲገባ ወላጆቹ ወደ ሩቅ ባሕር ይሄዳሉ። ጫጩቶቹም በአንድነት ተጠጋግተው፣ ብርዱን ተቃቅፈው ይጠብቃሉ። ከአንዱ ምግብ እስከ ሌላው ብዙ ሳምንታት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣቸው ሰው ሥዕሉን ለዘመዱ ቢያሳይ፣ ዘመዱ «እነዚህማ እናት አባት የሌላቸው ናቸው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሥዕሉ የአንድ ቅጽበት ነው። ካሜራው ያልያዘው ነገር አለ። ከዚያ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ወላጁ በቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ ከመቶ ሜትር በላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ አብልጦ እየጠለቀ ትንንሽ ዓሦችን ይይዛል። በሥዕሉ ላይ የለም ማለት ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ሲመለስም በሺህ የሚቆጠር ጫጩት በሚጮህበት መካከል ቆሞ ይጣራል። ልጁም ያንን ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይቶ ያውቀዋል። ተመራማሪዎች በድምፅ መቅጃ ፈትነው ይህንኑ አረጋግጠዋል። የሌላ ወላጅ ድምፅ ሲሰማ ዝም የሚል ጫጩት የራሱን ወላጅ ድምፅ ሲሰማ መልሶ እየጮኸ ይሮጣል።

ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 10 በጎቹ ድምፁን እንደሚያውቁና የእንግዳን ድምፅ እንደማይከተሉ ያስተማረውን እዚህ ላይ እናስታውስ። ከእኛ ወጣቶች መካከል ጸሎቱ ያልተሰማ የሚመስለው አለ። ፈተና ወድቆ፣ ሥራ አጥቶ፣ እናቱ ታማበት፣ «እግዚአብሔር ረስቶኛል» የሚል አለ። ይህ ወንድማችን የሕይወቱን አንዲት ፎቶግራፍ ይዞ ሙሉ ታሪኩ አድርጎ እያየ ነው። እኛም «አይዞህ፣ ቀላል ነው» ብለን ልናቃልልበት አይገባም፤ የክረምቱ ብርድ እውነተኛ ነው፤ ረኃቡም እውነተኛ ነው። ከእነዚያ ጫጩቶችም ክረምቱን የማያልፉ አሉ። ስለዚህ የሚሻለው እንደ እነሱ መጠጋጋት ነው። አንዱ ሲበርደው ሌላው ትከሻውን ይስጠው። በነቢዩ በኢሳይያስ መጽሐፍ በምዕራፍ 49 እናት ልጇን ብትረሳ እንኳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ ተጽፏል። ይህን ቃል ለብቻ ከመያዝ አጠገብ ለአጠገብ ሆኖ መያዝ ይበረታል። ማኅበር የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው፣ አፍ የሚከፈትለትን ነገር ስለ መለየት ነው።

ኒኮ ቲንበርገን የሚባል የሆላንድ ተወላጅ ሊቅ ነበር። ስለ እንስሳት ጠባይ ባደረገው ምርምር በ1973 ከካርል ፎን ፍሪሽና ከኮንራድ ሎሬንዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ሰው ሄሪንግ ጋል የሚባለውን የባሕር ወፍ ለብዙ ዘመን ተመልክቷል። የወላጂቱ ምንቃር ቢጫ ሆኖ ከታችኛው በኩል ቀይ ነጥብ አለበት። ጫጩቱ ሲርበው ያንን ቀይ ነጥብ ይቆነጥራል፤ ወላጂቱም በዚህ ጊዜ የዋጠችውን ምግብ አውጥታ ትሰጠዋለች። ቲንበርገን ከካርቶን የወፍ ራስ እየሠራ፣ ነጥቡን በልዩ ልዩ ቀለም እየቀባ ለጫጩቶቹ ያሳያቸው ነበር። ቀይ ነጥብ ያለበትን ነጥብ ከሌለው አብልጠው ቆነጠሩ። በመጨረሻም አንዲት ቀጭን ቀይ ዘንግ ሠርቶ ጫፏ ላይ ሦስት ነጭ መስመር አደረገባትና አቀረበላቸው። ጫጩቶቹ እውነተኛ ራስ ከሚመስለው ይልቅ ያችን ዘንግ አብዝተው ቆነጠሩ!

ዘንጊቱ ምግብ አልነበራትም። ዓይን የላትም፤ ሆድ የላትም፤ ከባሕር አልመጣችም። ነገር ግን ከእናት ይልቅ ቀልታ ታየች። ይህ ምርምር ለእኛ ትልቅ ምሳሌ ነው። ረኃብ በራሱ ኀጢአት አይደለም። ወጣት ፍቅር ይርበዋል፤ ክብር ይርበዋል፤ እውቀት ይርበዋል፤ እውነትም ይርበዋል። ፈጣሪ ያኖረው ረኃብ ነው። ዓለም ግን የረኃባችንን ቀለም ታውቃለችና ከእውነተኛው የደመቀ ዘንግ ሠርታ በፊታችን ታቆማለች። መጠጡም፣ ቁማሩም፣ ሌሊቱን ሙሉ ከስልክ መስታወት ላይ የሚፈስሰው ከንቱ ነገርም፣ «ተአምር እሸጣለሁ» የሚለው ሐሰተኛ ሰባኪም ከዚህ ወገን ናቸው። መለያው እንግዲህ ድምቀቱ አይደለም። ደጋግመን በሄድንበት ጊዜ መገበን ወይስ አፋችንን ብቻ አደከመን? ብሎ መጠየቅ ነው። ጠገብን ብለን እየተመለስን የምንከሳ ከሆነ የቆነጠርነው ዘንግ ነው።

አራተኛው ስለሚመግበው ነው። ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው።

በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከሃዋይ ደሴቶች በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሚድዌይ የሚባል የደሴቶች ክምችት አለ። በ1942 በጃፓንና በአሜሪካ መካከል ታላቅ የባሕር ጦርነት የተደረገው በአካባቢው ነው። ዛሬ የወፎች መጠጊያ ሆኖ ይጠበቃል፤ በዓለም ላይ ትልቁ የአልባትሮስ መፈልፈያም ነው። አልባትሮስ ክንፈ ረጅም ወፍ ናት። በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ አትጥልም። አባትና እናት እየተፈራረቁ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን በርረው ለአንዱ ልጃቸው ምግብ ያመጣሉ። ይህም ከአምስት ወር በላይ ይቀጥላል።

በ2009 ክሪስ ጆርዳን የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ወደዚያ ሄደ። ያነሣው ግን የሚጠብቁትን ጫጩቶች ሳይሆን ጠብቀው ጠብቀው የሞቱትን ነበር። ሥጋቸው ፈርሶ፣ ላባቸው በመሬት ላይ ተበትኖ ይታያል። ሆዳቸው በነበረበት ቦታ የጠርሙስ ክዳን፣ የሲጋራ ላይተር፣ የተሰባበረ ፕላስቲክ በብዛት ተከምሯል። ፎቶግራፍ አንሺው ከዚያ ውስጥ አንዲትም ነገር እንዳላነሣና እንዳልጨመረ ተናግሯል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁሉም ሞቱ ማለት አይደለም፤ ጫጩትን የሚገድል ሌላም ብዙ ነገር አለ። ዳሩ ግን ፕላስቲክ ሆድን ይሞላል እንጂ ሰውነትን አያሳድግም፤ ጉሮሮ ይዘጋል፤ አንጀት ይወጋል።

ያንን ማን አጎረሳቸው? ወላጆቻቸው ናቸው። አልባትሮስ ምግቧን የምትለቅመው ከባሕሩ ገጽ ላይ ነው። በራሪ ዓሣ የሚባለው እንቁላሉን በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ስለሚያጣብቅ፣ እንቁላሉን ስትውጥ የተጣበቀበትን ፕላስቲክ አብራ ትውጣለች። ሺህ ኪሎ ሜትር በርራ፣ ደክማ፣ ለልጇ ሳስታ ይዛው ትመጣለች። ጫጩቱም አምኗታልና አፉን ይከፍታል። እናቲቱ አልበደለችም። ባሕሩን የሞላው የሰው እጅ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 7 ዓሣ ለለመነው ልጁ እባብ የሚሰጥ አባት ይኖር እንደሆነ ጠይቋል። በሚድዌይ ግን ዓሣ የለመነው ጫጩት የጠርሙስ ክዳን ተሰጠው። የሰጠችውም የምትወደው እናቱ ናት። ስለዚህ በየመንገዱና በየወንዙ ዳር የሚጣለው ፕላስቲክ ከዓይን ቢሰወርም ከዓለም እንደማይጠፋ እንወቅ። ወንዝ የያዘውን ወደ ባሕር ይወስዳል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ከዚህ የሚከተለው ጉዳይ የራሳችን ነው። በየሰንበቱ በሕፃናት ክፍል ተሰብስበው የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ከወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከአንገታቸው ቀና ብለው በሩን ያያሉ። የሚጠብቁት እኛን ነው። ሕፃን ልጅ መምህሩ የሚነግረውን አይመረምርም፤ አምኖ ይውጣል። እኛ በተናገርን ጊዜ «ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አለች» ብሎ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። እንግዲህ ምን ይዘንላቸው እንመጣለን? ላይ ላዩን ሲንሳፈፍ ያገኘነውን፣ ከዚህም ከዚያም የሰማነውን፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ተአምር፣ በማኅበራችን መካከል ያለውን ቂምና ሐሜት፣ ስለ ሌላ ሰው ያለንን ጥላቻ ከቃለ እግዚአብሔር ጋር አጣብቀን እናጎርሳቸው ይሆን? ፍቅር ስላለን ብቻ የያዝነው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አልባትሮሷም ፍቅር አላት።

እርስዋ መለየት አልተቻላትም፤ ለእኛ ግን ልቡና ተሰጥቶናል። መጽሐፉን ገልጠን ማንበብ እንችላለን። ያልገባንን ከመምህራንና ከሊቃውንት አባቶች እግር ሥር ቁጭ ብለን መጠየቅ እንችላለን። እንደ ፔንግዊኑ ወደ ጥልቁ ወርደን ማምጣት እንችላለን። ለሩብ ሰዓት ትምህርት የሁለት ቀን ዝግጅት ቢጠይቅ አይብዛብን። ሳንዘጋጅ በመጣንበት ሰንበት ደግሞ ያልመረመርነውን ከማጉረስ ይልቅ የምናውቀውን አንድ ጸሎት አብሮአቸው ማድረስ ይሻላል።

ቀርቶ ደግሞ መቅረት አለ። መምህሩ ባይመጣ ሕፃኑ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አይከሰንም፤ በሚመጣው ሰንበት ግን ከአንገቱ ቀና ማለቱን እየተወ ይሄዳል። መጠበቅ የተወ ሕፃን ከሚጮኸው ይልቅ ያሳስባል። በሚድዌይ ዊዝደም የሚል ስም የተሰጣት አንዲት አልባትሮስ አለች። በ1956 ቻንድለር ሮቢንስ የሚባል የወፍ ተመራማሪ በእግሯ ላይ ምልክት አሠረባት፤ ያን ጊዜም ለአካለ መጠን የደረሰች ነበረች። ይህችው ወፍ በ2024 መጨረሻ ደግሞ እንቁላል ጥላ በ2025 መጀመሪያ ጫጩት አስፈልፍላለች። ዕድሜዋ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ከባሕር ወደ ልጇ ተመልሳለች። ወፍ እንኳ ይህን ካደረገች እኛ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ለመምጣት ዝናቡንና ፀሐዩን ምክንያት ልናደርግ አይገባም።

ጌታችን አምስቱን እንጀራ ባበዛ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሕዝቡ እንዲሰናበት ለምነውት ነበር። እርሱ ግን የሚበሉትን እናንተው ስጧቸው ብሎ አዘዛቸው። እንጀራውን የባረከው እርሱ ነው፤ ለሕዝቡ ያደሉት ግን እነርሱ ናቸው። እኛም እንደዚያው ነን። በእግዚአብሔር ፊት አፋችንን ከፍተን የምንጠብቅ ጫጩቶች ሆነን ሳለን፣ ለታናናሾቻችን ደግሞ ከእጁ ተቀብለን የምናደርስ ነን። እንግዲህ ከዚህ ሰንበት ጀምሮ እያንዳንዳችን ከሕፃናት ክፍል የአንድ ልጅ ስም እንያዝ፤ በጸሎታችን እናስበው፤ ቢቀር ወላጆቹን እንጠይቅ፤ ሲመጣም ያጣራነውን ቃል ይዘን እንጠብቀው።

ለፍጥረት ሁሉ በየጊዜው ምግቡን የሚሰጥ አምላካችን እግዚአብሔር፣ ድምፁን የምንለይበት ጆሮ፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የምናውቅበት ልቡና፣ ለሚጠብቁን ሕፃናት ንጹሕ ምግብ ይዘን የምንመጣበት ጉልበት ያድለን። የእናቱ የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።